አሰልጣኙ ነው ተጫዋቹን የሠራው ወይስ ተጫዋቹ አሰልጣኙን?

ዘጠኝ_ሰዓት_ሌሊት (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ቤተሰብ። ሥራ ቦታ ከአንድ ልጅ ጋር ተሟግተን ተኳርፈን ነው የተለያየነው፤ እስቲ ፍረዱን። እኔ ያልኩት የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኙ ቢል ቤሊቺክ ትልቅ የተባለው ኳርተርባኩ (ጨዋታውን የሚመራው ኳስ አቀባይ) ቶም ብሬዲ ስለነበረለት ነው። አለቀ። ሁለቱ ኒው ኢንግላንድ አብረው 6 ሱፐር ቦውል (የሊጉን ዋንጫ) በሉ። ብሬዲ በ2020 ወደ ታምፓ ቤይ ሄደና እዚያ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ43 ዓመቱ፣ 7ኛውን አነሳ። ቤሊቺክስ? ያን ዓመት 7 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ከዚያ አንዴ ጥሎ ማለፍ ገብቶ ተቀጥቅጦ ወጣ። በመጨረሻው ዓመት 4 አሸንፎ 13 ተሸንፎ በጥር 2024 ተሰናበተ። ከብሬዲ በፊትም ክሊቭላንድ 5 ዓመት ሲቆይ ከሽንፈቱ ድሉ የበለጠው በአንዱ ዓመት ብቻ ነው። ታዲያ ሙግቱ የቱ ጋ ነው? ልጁ ግን አሰልጣኙ ባይኖር ብሬዲን ማን ያውቀው ነበር ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ሌሊት እየተነሳሁ ጨዋታ የማይ ሰው ነኝ፣ እንቅልፌን በከፈልኩበት ነገር በቀላሉ እጅ አልሰጥም።

ሲያትል_ዝናብ፦

ልጁ ልክ ነው። ሂድና ቡና ጋብዘው።

ብሬዲ በ2000 ድራፍት (ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በተራ የሚመርጡበት) 199ኛ ነው የተጠራው። ከሱ በፊት 198 ሰው! የመረጠው ማን ነው? ቤሊቺክ። ያን ዓመት እሱን ላለመልቀቅ ብሎ አራት ኳርተርባክ ይዞ ነው የቆየው፤ ይሄን የሚያደርግ ቡድን ብዙ አይደለም። በ2001 ዋናው ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶ ተጎዳና ብሬዲ ገባ። አሁን ልብ በል። ብሌድሶ ገና ከጥቂት ወራት በፊት የ10 ዓመት፣ የ103 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመ ሰው ነው። ድኖ ተመለሰ፣ ግን ቦታውን አላገኘም። ባለ 103 ሚሊዮኑን ወንበር ላይ አስቀምጦ 199ኛውን ማሰለፍ ማለት እኮ አንገትን ለካራ መስጠት ነው። በ2008 ደግሞ ብሬዲ በመጀመሪያው ጨዋታ ጉልበቱ ሄደ፤ ቤሊቺክ ዩኒቨርሲቲ እያለ በኳርተርባክነት አንድም ጨዋታ ያልጀመረውን ማት ካስልን ይዞ 11 ጨዋታ አሸነፈ።

ዘጠኝ_ሰዓት_ሌሊት፦

11 አሸንፎ ጥሎ ማለፍ ገባ?

ሲያትል_ዝናብ፦

አልገባም። እሱ የምድብ ሒሳብ ነው እንጂ...

ዘጠኝ_ሰዓት_ሌሊት፦

ሃሃሃ በቃ አመሰግናለሁ።

ፒያሳ_ልጅ፦

እኔ ይሄ በእጅ ይዘውት እየሮጡ ፉትቦል የሚሉት ነገር ሕጉ አይገባኝም። ወደ ቅርጫት ኳስ እንምጣ። እዚያም ቢሆን ከተጫዋች ጋር ነኝ። ፊል ጃክሰን በአሰልጣኝነት 11 የዋንጫ ቀለበት አለው ይባላል፤ እሺ፣ ቺካጎ ላይ ጆርዳንና ፒፐን፣ ሌከርስ ላይ ሻክና ኮቢ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ ማስቲካ ባኝክ 3ቱን አላጣም።

(በነገራችን ላይ ጎት (በእንግሊዝኛ የዘመናት ሁሉ ምርጥ ለማለት፤ ቃሉ ፍየልም ነው) ማነው እያልን ከጓደኛዬ ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ አባቴ ከጓዳ ሰምቶ "ፍየሉን በስንት ገዛችሁት?" አለኝ። ለፋሲካ መስሎት ነው።)

ሲያትል_ዝናብ፦

ማስቲካውን አትችለውም። ጆርዳን በ1984 ገባ። ጃክሰን ቡድኑን በ1989 እስኪረከብ ድረስ አምስት ዓመት በሙሉ 37 ነጥብ በአማካይ ያገባበት ዓመት ጭምር እያለ ለፍጻሜ እንኳ አልደረሰም። ጃክሰን መጥቶ የቴክስ ዊንተርን ባለ ሦስት ማዕዘን አጨዋወት አስገባ። አጨዋወቱ ለጆርዳን የሚለው ባጭሩ ኳሱን ለሌላውም ስጥ ነው። በዓለም ላይ ለነጥብ የሚያህለው የሌለውን ሰው ኳስ ልቀቅ ማለት እስቲ ሞክረው። በ1991 ፍጻሜ 5ኛው ጨዋታ ላይ ጨዋታው ለአፍታ በቆመበት (ታይም አውት) ጃክሰን ጆርዳንን አፍጥጦ ማን ነው ነፃ የቆመው ብሎ ጠየቀው ይባላል። መልሱ ጆን ፓክሰን ነበር። ከዚያ ፓክሰን ደጋግሞ አገባ፣ ዋንጫው የመጀመሪያቸው ሆነ። ፓክሰንን ዛሬ የሚያስታውሰው ስንት ሰው ነው?

ቅዳሜ_ሜዳ (ሜሪላንድ)፦

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆች ኳስ አሠለጥናለሁ። ደሞዝ የለውም፣ ስድብ ግን ከወላጆች በነፃ ይገኛል። ስለዚህ ለአሰልጣኝ ማድላቴን ከወዲሁ እወቁልኝ።

የኔ ሰው የቅርጫት ኳስ አሰልጣኙ ጆን ውድን ነው። ዩሲኤልኤን (የሎስ አንጀለሱን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ይዞ ከ1964 እስከ 1975 በ12 ዓመት 10 የዩኒቨርሲቲ ዋንጫ፣ 7ቱ በተከታታይ፣ 88 ጨዋታ ያለ ሽንፈት። ይሄን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚገርመኝ የዓመቱ የመጀመሪያ ልምምድ ነው። ከአገሪቱ ሁሉ ተለቅመው የመጡ ጎረምሶች፣ በኋላ ከሪም አብዱልጀባር የሆነው ሊው አልሲንዶር ጭምር፣ ታላቁ አሰልጣኝ ምን ምስጢር ሊነግረን ነው ብለው ሲጠብቁ ሰውየው ቁጭ አድርጎ ካልሲ አደራረግ ያስተምራቸዋል። ካልሲ! ጣት ጋ ሳብ አድርገህ ልበሰው፣ ተረከዙን ቦታው አድርስ፣ በእጅህ እየዳበስክ ሽብሽቡን አጥፋ። ከዚያ ጫማው፤ ማሰሪያውን ከታች ጀምረህ ቀዳዳ በቀዳዳ አጥብቅና ደርበህ ቋጥር። ምክንያቱ ፍልስፍና አይደለም። የተሸበሸበ ካልሲ እግር ውሃ ያስቋጥራል። እግሩ ውሃ የቋጠረ ልጅ ልምምድ ይቀራል። ልምምድ የቀረ ልጅ ደግሞ የቡድኑን ቅንጅት ያበላሻል።

ሌላው፣ ዩሲኤልኤ የቀጠረው በ1948 ነው። የመጀመሪያው ዋንጫ በ1964 መጣ። 16 ዓመት ጠበቁት! ዛሬ ቢሆን በሦስተኛው ዓመት ሻንጣውን ያስይዙት ነበር። በ2003 የዩሲኤልኤን ሜዳ በስሙ ሲሰይሙለት የሚስቴ ስም ይቅደም አለ። ስለዚህ ወለሉ ላይ የተጻፈው "ኔል እና ጆን ውድን" ነው። እሷ ያኔ ከሞተች 18 ዓመት ሆኗታል።

ፒያሳ_ልጅ፦

ቆንጆ ነው፣ ግን ቅዱስ አታድርጉት ወንድሜ። ሳም ጊልበርት የሚባል ባለሀብት ተጫዋቾቹን ከሕግ ውጭ ይደጉማቸው እንደነበር በኋላ ወጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1981 ተቀጥቶበታል። ቅጣቱ ውድን ከለቀቀ በኋላ ቢሆንም ሰውየው በውድንም ዘመን እዚያው ነበር።

ቅዳሜ_ሜዳ፦

እውነት ነው፣ አልክድም። ካልሲውን ግን ጊልበርት አልገዛላቸውም።

ሐና_ዳላስ፦

ወንድሞቼ፣ እስካሁን የቆጠራችሁት ሁሉ ወንድ ነው። አንድ የሴት ስም የተጠራው ወለል ላይ ተጽፎ ነው!

ፓት ሰሚት። ቴነሲ ውስጥ እርሻ ላይ ያደገች። በ1974፣ ገና በ22 ዓመቷ፣ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነች። ከአንዳንዶቹ ተጫዋቾቿ የምትበልጠው በአንድ ዓመት ነው። ደሞዟ በወር 250 ዶላር። ማሊያ የምታጥበው ራሷ፣ ወደ ጨዋታ የሚሄዱበትን ቫን የምትነዳው ራሷ። የናንተ ቤሊቺክ ማሊያ አጥቧል? በ38 ዓመት 1,098 ጨዋታ አሸነፈች፣ 8 ዋንጫ አነሳች። ከነዚያ ቁጥሮች በላይ የምወደው ግን አንድ ነገር አለ። እሷ ጋ የተጫዋችነት ዘመኗን የጨረሰች ልጅ ሁሉ ዲግሪዋን ይዛ ነው የወጣችው። አንዷም ሳትቀር።

እልኋን ልንገራችሁ። በ1990 የመውለጃዋ ቀን ደርሶ እያለ ሚሼል ማርሲኒያክ የምትባል ተጫዋች ለማግባባት በትንሽ አውሮፕላን ፔንሲልቫኒያ ሄደች። እዚያው የልጅቷ ቤት የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ተመልሰው ሲበሩ አብራሪዎቹ ምጡ ገፍቷልና ቨርጂኒያ እንረፍ አሉ። እሷ ሞቼ ነው ቆሜ አለች። ልጄ የሚወለደው ቴነሲ ነው፣ በዚያ ላይ ቨርጂኒያ በዚያው ዓመት ከውድድር ያስወጣችን ናት! ቴነሲ ደርሳ ወለደች። እናቴ ይሄን ስነግራት "ጤና የላትም" አለችኝ። ሦስት ልጅ የወለደች ሴት ናት፣ ታውቃለች። ማርሲኒያክም መጀመሪያ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ በኋላ ወደ ቴነሲ ተዛውራ በ1996 አብራት ዋንጫ በላች።

በ2011፣ በ59 ዓመቷ፣ አልዛይመር እንዳለባት ተናገረች። አልተደበቀችም። አንድ ዓመት አሠልጥና ለምክትሏ አስረከበች፣ በ2016 በ64 ዓመቷ አረፈች። የሺህ ጨዋታ ታክቲክ በጭንቅላቷ ይዛ የኖረች ሴት ማስታወስ ሲያቅታት... እዚህ ላይ ልተወው።

ዘጠኝ_ሰዓት_ሌሊት፦

ሐናዬ፣ ስሟን ሰምቼ አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

አሮጌ_ቴፕ (ቦስተን አካባቢ)፦

ልጆች፣ ክርክራችሁን የቦስተን ሴልቲክሱ የቅርጫት ኳስ ሰው ቢል ራስል ብቻውን ይፈታላችኋል። ሁለቱንም ሆኗላ።

በ13 ዓመት 11 ዋንጫ። በ1966 ሬድ አወርባክ ከአሰልጣኝነት ሲወርድ ቡድኑን ያስረከበው ለራሱ ለራስል ነው። በኤንቢኤ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ እሱ ነው፤ ያውም እየተጫወተ። ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ይለቅማል፣ ዞር ብሎ ተጫዋች ይቀይራል። የመጀመሪያው ዓመት በዊልት ቻምበርሊን ፊላደልፊያ ተረታ። ከዚያ የ1968ንና የ1969ን ወሰደ።

የ1969ኙ ፍጻሜ 7ኛ ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ነው። ቻምበርሊን አሁን ሌከርስ ገብቷል። የሌከርስ ባለቤት ድሉን እርግጠኛ ሆኖ ጣሪያው ላይ በሺህ የሚቆጠር ፊኛ በመረብ አሰቅሏል። ሌከርስ ሲያሸንፍ ፊኛው ይለቀቃል፣ የሙዚቃ ባንዱ እንዲህ ይጫወታል የሚል ወረቀትም ተበትኗል። "ካሸነፈ" አይልም፣ "ሲያሸንፍ" ነው የሚለው። ያ ወረቀት ራስል እጅ ገባ። ለልጆቹ አሳያቸው። ከዚህ በላይ ምን ንግግር ያስፈልጋል?

አሁን የአሰልጣኝን ነገር ተመልከቱ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቻምበርሊን ጉልበቱን አመመውና ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ልመለስ አለ። የሌከርስ አሰልጣኝ ቫን ብሬዳ ኮልፍ ከሱ ጋር ስለማይዋደድ ያለ አንተም ደህና ነን ብሎ ከለከለው። 108 ለ 106 ተሸነፉ። በሁለት ነጥብ! ፊኛው እዚያው ተሰቅሎ ቀረ። የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተሸለመው የተሸነፈው ቡድን ጄሪ ዌስት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተሸናፊ ቡድን ማንም አግኝቶት አያውቅም። ራስልና ቻምበርሊን በምስጋና ቀን አንድ ገበታ የሚቆርሱ ወዳጆች ነበሩ። ራስል ከዚያ ጨዋታ በኋላ እግሩ ካልተሰበረ መውጣት አልነበረበትም በሚል ሲናገርበት ተቀያየሙ። ለብዙ ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

ፒያሳ_ልጅ፦

ጋሼ በአክብሮት ነው፣ ራስል ሲጀምር እኮ ሊጉ 8 ቡድን ብቻ ነበረው። ሲያቆም እንኳ 14። ዛሬ 30 ነው። የራስልን 11 ከጆርዳን 6 ጋር በአንድ ሚዛን አታስቀምጡብኝ።

አሮጌ_ቴፕ፦

8 ቡድን ማለት እኮ ልጄ፣ የአገሪቱ ምርጦች በሙሉ በ8 ቦታ ታጭቀዋል ማለት ነው። ደካማ ቡድን የለም፣ ቻምበርሊንን በዓመት 10 ጊዜና ከዚያ በላይ ትገጥመዋለህ። ደግሞም የራስል ዋና ሥራ ማጨናገፍ (ወደ ቅርጫቱ የተወረወረን ኳስ ማገድ) ነበር፤ ሊጉ ማጨናገፍን መቁጠር የጀመረው ግን እሱ ካቆመ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ኳሷን እንደዛሬዎቹ ወደ ተመልካች አይጠልዛትም። መታ አድርጎ ለጓደኛው ያደርሳታል።

ሌላም ነገር አለ። ለዚህች ከተማ ይሄን ሁሉ ያመጣ ሰው የሚኖርባት ሬዲንግ የምትባል መንደር ቤቱን ሰብረው ገቡ፣ ዋንጫዎቹን ሰባበሩ፣ ግድግዳው ላይ የዘር ስድብ ጻፉ፣ አልጋው ላይ ተጸዳዱበት። በ1961 ሌክሲንግተን፣ ኬንታኪ፣ ምግብ ቤት ጥቁሮችን አናስተናግድም ሲላቸው እሱና ጥቁር ጓደኞቹ ጨዋታውን ትተው ሄዱ። በ1972 ማሊያው ለክብር ሲሰቀልለት ተመልካች እንዳይኖር ጠየቀ። ባዶ አዳራሽ፣ የቡድን ጓደኞቹ ብቻ። እኔ እዚህ ከተማ ታክሲ ስነዳ ስሙን ያነሳሁለት ሽማግሌ ተሳፋሪ ሁሉ እንደ ወንድሙ ያወራልኝ ነበር። ያኔ የት ነበርክ ብዬ መጠየቅ ያምረኝና ጉርሻው እንዳይቀር እተወዋለሁ።

ሲያትል_ዝናብ፦

ጋሼ ይኑሩልን። በ2022 ሲያርፍ ሊጉ የማሊያውን 6 ቁጥር ከሁሉም ቡድን አሳረፈለት። ለጆርዳን እንኳ ያልተደረገ ነው።

ሐና_ዳላስ፦

አሰልጣኝ ማለት ማሸነፍ ብቻ ከሆነ የቦክሰኛው የጆ ፍሬዘርን አሰልጣኝ ኤዲ ፈችን የት ልታስቀምጡት ነው? ማኒላ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1975 በፈረንጆቹ። መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዘር ለሦስተኛ ጊዜ። 14 ዙር በዚያ ሙቀት ተፈነካከቱ። የቀረው አንድ ዙር ነው፣ 3 ደቂቃ። የፍሬዘር አንድ ዓይን ቀድሞም ደካማ ነው፣ ደህናው ደግሞ አብጦ ተዘጋ። ፍሬዘር ልቀጥል ይላል። ፈች ተቀመጥ ልጄ፣ ዛሬ እዚህ ያደረግኸውን ማንም አይረሳውም አለውና ትግሉን አስቆመ። በመዝገብ ላይ ሽንፈት ነው። አባቴ የቦክስ ሰው ስለነበር ይሄን ሲተርክ ሁልጊዜ "ተቀመጥ ልጄ" ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አሊን ግን በጊዜ "ይብቃህ" ብሎ የሚያሳምን አልተገኘም። ቬትናም አልዘምትም ብሎ ከ25 እስከ 28 ዓመቱ፣ ጉልበቱ በሚፈላበት ዕድሜ፣ ከቦክስ ሜዳ ውጭ አደረጉት። የተቀማውን ዓመት በኋላ ላይ ጨምሮ ሊከፍል የፈለገ ይመስል በ38 ዓመቱ ከላሪ ሆምዝ ጋር ገጠመ። ያኔ አሰልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ ከ10ኛው ዙር በኋላ አስቆመው። ግን ዘግይቷል።

ጃን_ሜዳ፦

እስቲ የኛ ሰው ያለበት አንድ ልጨምር። ስቲቭ ፕሪፎንቴን (ፕሪ)፣ የኦሪገኑ ሯጭ። ከ2,000 እስከ 10,000 ሜትር ያለውን የአሜሪካ ሪከርድ ሁሉ ይዞ የነበረ። አሰልጣኙ ቢል ባወርማን በቤታቸው የዋፍል መጥበሻ የጫማ ሶል የሠራው ሰውዬ ነው። በ1971 ዱራም፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ የአሜሪካና የአፍሪካ ሯጮች ሲገናኙ ፕሪ በ5,000 ሜትር ከምሩፅ ይፍጠር ጋር ገጠመ። ምሩፅ ማርሹን ቀየረ፣ ጥሎት ሄደ፣ መስመሩን አልፎ ቆመ። አንድ ዙር ቀርቶታል! ፕሪ አለፈውና አሸነፈ። በማግስቱ ምሩፅ 10,000 ላይ ወጥቶ ፍራንክ ሾርተርን ረታው። ያ ሾርተር በዓመቱ ሙኒክ ላይ ማራቶን ወርቅ የወሰደው ነው፣ ማሞ ወልዴ ሦስተኛ የወጣበት።

ፕሪ እዚያው ሙኒክ 5,000 ላይ ነሐሱን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ተነጥቆ 4ኛ ወጣ። በ1975 ዩጂን ውስጥ በመኪና አደጋ ሲሞት 24 ዓመቱ ነው። ኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም። ግን በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ዩጂን ላይ የኛ ልጆች 4 ወርቅ ሲያመጡ ተመልካቹ ውስጥ የሱን ስም የለበሰ አይጠፋም ነበር። እና እስቲ ንገሩኝ፣ ዱራም ላይ ዙር መቁጠር የማን ሥራ ነበር፣ የሯጩ ወይስ የአሰልጣኙ?

ዘጠኝ_ሰዓት_ሌሊት፦

ጃን ሜዳ፣ ይሄን መመለስ አልችልም። ይሄን የውይይት ክር ለሥራ ቦታዬ ልጅ ልኬለት ነበር። ከሰዓት መልሱ መጣ። "199" ብቻ ብሎ ነው የላከልኝ። ቡናውን ነገ እጋብዘዋለሁ፣ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ፒያሳ_ልጅ፦

ቅዳሜ ሜዳ፣ አንድ ጥያቄ። ያንን የካልሲ ነገር ልጆቹ ላይ ሞክረኸው ታውቃለህ?

ቅዳሜ_ሜዳ፦

ባለፈው ወር ሞከርኩት። 25 ደቂቃ ፈጀብኝ። አንዱ ጭራሽ ያለ ካልሲ መጥቷል። አንዱ ሁለቱንም በግራ እግሩ ደርቦ ለብሶ አገኘሁት። አንዲት እናት ከመኪናዋ ወርዳ "ኳስ ነው የምታስተምርልኝ ወይስ ልብስ መልበስ?" አለችኝ። ከዚያ ጨዋታ ገባንና 5 ለ 1 ተሸነፍን።

ውሃ የቋጠረ ግን አልነበረም።